የአሸናፊያቸው ለቅሶ

ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው የሚባለውን እኔ ሰምቼ ሳይሆን አይቼ ነው ያደግኩት። ታላቅ ወንድሜ በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ወረቀት በትነሃል ተብሎ ከምሳ ላይ ተነስቶ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ዜና ሲጀምር ሬዲዮኑን ትዘጋ ነበር። እኔም በእሷ ወጣሁ። አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ሃያ ምናምን ዓመት ስኖር፣ ዜግነት ወስጄ፣ ቤት ገዝቼ፣ ልጅ ኮሌጅ አስገብቼ፣ አንድ ቀን እንኳን ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም። የምርጫ ሰሞን ወረቀት አዳይ በራችንን ሲያንኳኳ ቴሌቪዥኑን ዝም አሰኝቼ የሌለሁ የምመስል ሰው ነኝ። ልጄ "ማሚ፣ ዛት ኢዝ ሶ ሩድ" ትለኛለች፤ ነውር ነው ማለቷ። ትበለኝ።

ስለዚህ በ2020 ሰመር ላይ የምሠራበት የሆም ኬር ኤጀንሲ ደውሎ፣ "አዲስ ክላየንት አለሽ፤ ካናዳዊ ሽማግሌ ናቸው፣ ስትሮክ መቷቸዋል፣ ድሮ የፓርቲ መሪ ነበሩ" ሲለኝ ፊቴን አጨፈገግኩ። "ሌላ ሰው የላችሁም?" አልኩ። ከየት ይምጣ? ኮቪድ ነው፤ ግማሹ ሠራተኛ ታሞ ተኝቷል፣ ግማሹ ፈርቶ ቤቱ ተቀምጧል። "እሺ፣ ለጊዜው ነው" ብዬ ገባሁ። ለጊዜው ያልኩት እስከ 2022 ዘለቀ።

ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነበር። ረጅም፣ አጥንታቸው የገጠጠ፣ እጃቸው የገበሬ እጅ። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ልጃቸው ከካናዳ አምጥታ እቤቷ አስቀምጣቸዋለች። ልጅየዋ ዳውንታውን አካባቢ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት፤ ያን ዓመት ነርስ መሆን ምን ማለት እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እቤቷ የምትገባው ለመተኛት ብቻ ነበር። ስትሮኩ የአባቷን ቀኝ እጅ አደከመ፣ እግራቸውን ማረው፣ ንግግራቸውን ግን ወሰደው። የሚባለውን ሁሉ ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል፣ ሊመልሱ ሲሉ ቃሉ ይጠፋል። ውሃ ሊሉ አስበው "መስኮት" ይላሉ፤ ስህተቱን በጆሯቸው ይሰሙትና ይበግናሉ። ሳይደናቀፍ የሚወጣው ስድብ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቀን ማንኪያው ከእጃቸው ሲወድቅ የለቀቁትን ስድብ የከተማችን አውራ ጎዳና ሞርስ ሮድ ላይ መኪና ለመኪና ሲጋጭ እንኳን ሰምቼው አላውቅም። ሳቄ አመለጠኝ። ቀና ብለው አዩኝና እሳቸውም ሳቁ።

ልጃቸው "በስማቸው ጥሪያቸው፣ ይወዳሉ" አለችኝ። ኧረ ወዲያ! አባቴ የሚሆኑ ሰው በስማቸው ልጥራ? ጋሼ አልኳቸው። ትርጉሙን ሳስረዳቸው በደንብ አዳመጡኝ፤ ከዚያ ወዲያ ጋሼ ሆነው ቀሩ።

ንግግራቸውን የምታለማምድ ስፒች ቴራፒስት በሳምንት ሁለት ቀን በላፕቶፕ ትመጣ ነበር። ለእኔም የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ከራሳቸው ሕይወት ፎቶግራፍ እያሳየሁ ስም እንዲጠሩ ላደርግ። "አንድ ነገር ብቻ አደራ" አለችኝ፤ "ቃሉ ሲጠፋቸው አትንገሪያቸው። ጠብቂ።" እሺ አልኩ። እሺማ ማለት ቀላል ነው! ትልቅ ሰው ፊቴ አፉን ከፍቶ ሲሰቃይ እያየሁ ዝም ልል? እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ውሃ ሲያምረው ከማለቱ በፊት ይቀዳለታል። ጋሼ "መ... መ..." ሲሉ "መኪና!" እላለሁ። "ል... ል..." ሲሉ "ልጅዎ! ልጅዎን ልጥራልዎ?" ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ደግሞ ጨዋ ናቸውና ራሳቸውን እየነቀነቁ ይተዉታል።

ፎቶዎቹ ሁለት ካርቶን ሙሉ ከቤዝመንት ወጡ። የጋሼን ታሪክ ያወቅኩት ከእነሱ ነው፤ የጎደለውን ልጃቸው ከሥራ ስትገባ፣ ጫማዋን ጋራዥ አውልቃ፣ ኩሽና ቆማ እየበላች ትሞላልኛለች።

ሥራቸው የከብት ሐኪም ነበር። አገራቸው ሜዳ ነው፣ ስንዴና ከብት፤ ክረምቱ ሽፋሽፍት ያጣብቃል። ላም ሊያዋልዱ ከአንዱ ገበሬ ቤት ወደ ሌላው ሲዞሩ የሰዉን ችግር ሁሉ ሰሙ፤ እዚህ ቤት የታመመች እናት፣ እዚያ ቤት ብቻውን የቀረ ሽማግሌ። አንድ ቀን የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ልወዳደር አሉ። ፓርቲያቸው ትንሽ ናት፤ የተመረጡት አባላት በሙሉ በአንድ ሚኒቫን ይገቡ ነበር ትላለች ልጃቸው። መሪው ሲለቅ ሁሉም አልፈልግም አለ፤ "እንግዲያው እኔ ልሁን" ብለው ያዙት። ሦስት ምርጫ መሩ። ሦስቱንም በአንድ ሰው ተሸነፉ። የክፍለ ሀገሩን መሪ ፕሪሚየር ይሉታል፤ ያ ፕሪሚየር ሦስቴ ጣላቸው። በሦስተኛው የራሳቸውን የምክር ቤት ወንበር ጭምር አጡ።

"ከዚያስ?" አልኳት።

"ከዚያ ምን?"

"አላሰሯቸውም?"

ልጃቸው ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠችው። "ሰኞ ጠዋት ቦት ጫማቸውን አድርገው ላም ሊያክሙ ሄዱ" አለችኝ።

ያን ቀን መኪናዬን እየነዳሁ ወደ ቤቴ ስሄድ ይህንኑ ስደጋግም ነበር። ተሸንፎ ሰኞ ሥራ የገባ ፖለቲከኛ! እኔ የማውቃቸው ወይ ገዳይ ናቸው ወይ ሟች። በመካከል ሌላ ዓይነት ሰው ይኖራል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

አንድ ፎቶ ላይ ጋሼ የቤት ስልክ ጆሯቸው ላይ ይዘው ይስቃሉ፣ ዓይናቸው ግን እንባ አቅሯል። ምን እንደሆነ የገባኝ ኖቬምበር ላይ፣ የእኛው አሜሪካ ምርጫ ሳምንት ነው። ጋሼ ቴሌቪዥኑ ፊት ተተከሉ። እኔ እንደ ልማዴ ወደ ኩሽና ልሸሽ ስል "ስልክ" አሉ። ከስንት ቀን በኋላ የወጣች ቃል! ሮጬ አመጣሁላቸው። አይ፣ አይ እያሉ በጣታቸው ቴሌቪዥኑን ያሳያሉ፤ "ስልክ... ስልክ..." ቴሌቪዥኑ ውስጥ ምን ስልክ አለ? ልጃቸው ስትመጣ ፈታችው። እነሱ ዘንድ የተሸነፈ ሰው በዚያው ዕለት ለአሸናፊው ይደውላል፤ እንኳን ደስ አለህ ይላል። ጋሼ ሦስቴ ደውለዋል። ፎቶው የሦስተኛው ነው፣ ወንበራቸውን ያጡ ጊዜ። አሁን ደግሞ ቁጭ ብለው የተሸነፈው እስኪደውል ይጠብቃሉ። ቀኑ አለፈ፣ ሳምንቱ አለፈ። ራሳቸውን በግራ እጃቸው ደግፈው ሲቀመጡ አንጀቴን በሉት።

ካርቶኑ ውስጥ በላስቲክ የታሰሩ ትንንሽ ካርዶች ነበሩ። በየቤቱ ለቅስቀሳ ሲዞሩ የጻፏቸው ናቸው፤ የቤቱ ሰው ስም፣ የውሻው ስም፣ እናቲቱ ዳሌዋን ተሰብራለች፣ ልጅየው ፈተና አለበት። ልጃቸው ልጅ ሆና አብራቸው ትዞር ነበር። "ሌሎቹ አንኳኩተው ወረቀት ሸጉጠው ይሮጣሉ" አለችኝ። "እሳቸው ኮፍያቸውን አውልቀው በብርድ ቆመው እስከ ሃያ ይቆጥራሉ። አሮጊት ከወንበሯ ተነስታ በር እስክትከፍት ሃያ ይፈጃል ይሉኝ ነበር።"

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጋሼ ምክር ቤት በገቡ ቁጥር አንድ ሕግ ያቀርባሉ፤ ሽማግሌና አሮጊት ከቤታቸው ሳይወጡ በመንግሥት ይታገዙ፣ የሚያግዛቸውም ሰው እንደማንኛውም ሠራተኛ ደህና ደሞዝና ዕረፍት ይኑረው። ስምንት ዓመት ተሳቀባቸው። በዘጠነኛው ፕሪሚየሩ ያንኑ ሕግ በራሳቸው ስም ይዘው መጡ። የጋሼ ፓርቲ ሰዎች በሽቀው ሌባ በላቸው፣ ድምፅ ከልክል አሉ። ጋሼ ተነሱና "ጥሩ ሐሳብ ነው" ብለው ተቀመጡ። ድምፃቸውንም ሰጡ። ልጃቸው ይህን ስትነግረኝ የጋሼን ካልሲ እያጠፍኩ ነበር። እንባዬ መጣ። የሰው ገላ ሳጥብ፣ የሰው ዳይፐር ስቀይር ስንት ዓመቴ ነው! ስለ እኔ ዓይነቷ ሠራተኛ ብሎ፣ አንድ ሰው በሩቅ አገር ስምንት ዓመት ሲስቁበት ቆሞ ተሟግቷል ብዬ እንዴት ልገምት?

ፕሪሚየሩም ቢሆኑ ተራ ሰው አልነበሩም። ምክር ቤት ውስጥ እንደ ድመትና ውሻ ነበሩ። የጋሼ ሚስት ስትሞት ግን ሥልጣን የለቀቁት አዛውንት ስድስት ሰዓት በበረዶ ነድተው መጡ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ቆመው ለቅሶ ደርሰው፣ ቡና እንኳን ሳይጠጡ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በየወሩ ይደዋወሉ ነበር፤ ጋሼ አንደበታቸው እስኪጠፋ።

በ2021 ፌብሯሪ መጨረሻ፣ ጋሼ እንቅልፍ ላይ እያሉ የቤቱ ስልክ ጮኸ። አነሳሁ። የፕሪሚየሩ ልጅ ናት። አባቷ አርፈዋል። ቀብሩ ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ድንበሩ ዝግ ስለሆነ በኢንተርኔት ይተላለፋል፤ ለጋሼ ንገሪልኝ አለችኝ። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብዬ ዘጋሁ።

አሁን ፍረዱኝ። በእኛ አገር ለታመመ ሰው መርዶ ይነገራል? አይነገርም! መርዶ ሰዓት አለው፣ ሰው አለው። በጠዋት፣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ነው። ጋሼ ደግሞ ብቻቸውን ናቸው፣ ልጃቸው ደብል ሺፍት ላይ ናት፣ የደም ግፊታቸው ያን ሳምንት አልወርድ ብሏል። ለማረጋገጥ ሞርስ ሮድ ላይ ግሮሰሪ ላላቸው እትዬ፣ በቤተ ክርስቲያን እንደ እናቴ ለማያቸው፣ ኮል አደረግኩ። "ውይ! ስትሮክ ለመታው ሰው? እንዳትሞክሪው! ልትገድያቸው ነው?" አሉኝ። በቃ። ልጃቸው ኦፍ በምትሆንበት ቅዳሜ ሁለታችን ሆነን በወጉ እንነግራቸዋለን ብዬ ወሰንኩ። ለእሷም ሥራ ላይ እያለች ላስደነግጣት አልፈለግኩም። የጋሼን ታብሌት ቻርጅ የለውም ብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ዜና ሲመጣ ቻናል እቀይራለሁ። ቀብሩ በሚተላለፍበት ሰዓት ጋሼን ጢማቸውን እየላጨኋቸው ነበር።

በማግስቱ ልጃቸው ሳትጠበቅ በእኩለ ቀን መጣች። የፕሪሚየሩ ልጅ ቴክስት አድርጋላታለች፤ "አባትሽን ቀብሩ ላይ ብንጠብቃቸው አጣናቸው" ብላ።

"ሰው ደውሎ ነበር?" አለችኝ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ።

ጋሼ ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ ይሰማሉ። ክው አልኩ። "አዎ" አልኩ።

ነገረቻቸው። ጋሼ አልጮኹም። ግራ እጃቸውን አንስተው ጣታቸውን ዘረጉና አዩኝ። መቼ? ነው ጥያቄው። "ከአራት ቀን በፊት" አልኩ። ጣታቸውን ወደ መሬት ጠቆሙ። ቀብሩስ? "ትላንት።" ፊታቸው ደም መሰለ። ሲታገሉ፣ ሲታገሉ አንድ ቃል ወጣ፤ "የኔ!" ደረታቸውን በጡጫ እየመቱ፣ "የኔ! የኔ ነበር!" እንደ ልማዴ ልጨርስላቸው አፌን ከፈትኩ፤ "አይዞዎት ጋሼ፣ ለእርስዎ አስቤ..." በሩን አሳዩኝ። "ውጪ" አሉኝ። እሷም ጥርት ብላ ወጣች።

ሞርስ ሮድ፣ እትዬ ሱቅ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። እትዬ መስኮቱን አንኳኩተው "ትክክል ነው ያደረግሽው፣ ፈረንጅ ምን ያውቃል" አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስማማ ነበር። ያን ቀን ግን እናቴ ትዝ አለችኝ። ወንድሜ ከሄደ በኋላ ማንም በጠዋት መጥቶ በራችንን ያንኳኳ ሽማግሌ የለም። ሞቷል ያላት የለም። የሚያውቁ ነበሩ፤ እንደሚያውቁ እናውቅ ነበር፤ ለእሷ አዝነው ዝም አሉ። ሃያ ሦስት ዓመት ሳታለቅስ፣ ያን ቀን ምሳውን ትቶበት የሄደውን ሳህን በየቀኑ እያጠበች ኖራ ሞተች። ይህን በዓይኔ አይቼ፣ ይህን ተሸክሜ ኖሬ፣ የሰውን ለቅሶ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። "እትዬ፣ ተሳስተናል" አልኳቸው። ተቆጡኝ። እኔም ተቆጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ኤጀንሲው አባርሮኝ እንደሆነ እንኳን ሳልጠይቅ ሄድኩ። አገር ቤት ቢሆን ሽማግሌ እልክ፣ ድንጋይ እሸከም ነበር። እዚያ ግን በሩ ላይ ማስኬን አድርጌ ቆምኩና ለጋሼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መርዶ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሆነ፣ ወንድሜን፣ እናቴን፣ ሳህኑን። እንግሊዝኛዬ ስናደድም ሳዝንም ይሰባበራል፤ ተሰባበረ። ቃል ሲጠፋኝ ጋሼ ዝም ብለው ጠበቁኝ። አንድም ጊዜ አልቸኮሉብኝም። ስጨርስ ወንበሩን አሳዩኝ። ተቀመጥኩ።

ቀብሩ አልፏል። አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። ያን ጊዜ ሰው መሰብሰብ ስለማይቻል፣ የፕሪሚየሩ ቤተሰብ ኤፕሪል ላይ በዙም ትልቅ መታሰቢያ ያደርጋሉ። የሚናገሩ ሰዎች ተመርጠዋል። ልጃቸው ይህን ስትነግራቸው ጋሼ አንድ ጣት አነሱ፤ "እኔ"። ስፒች ቴራፒስቷ ተጨነቀች፤ "ቀድመን ብንቀዳው? ልጅዎ ብታነብልዎስ?" ጋሼ ራሳቸውን ወዘወዙ። "እኔ። ቀጥታ።" ሰባት ሳምንት አለን። ያሸነፋቸውን ሰው ለቅሶ በራሳቸው አንደበት የሚደርሱበት ቀን እሱ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን ዕድል እኔ ነኝ ያሳጣኋቸው።

በግራ እጃቸው፣ በሚንቀጠቀጥ ፊደል ስምንት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በየቀኑ ከቁርስ በኋላ እንቀመጣለን። የመጀመሪያው ቀን የማስጠንቀቂያ ጣታቸውን አወጡብኝ፤ "አትንገሪኝ"። በእግዚአብሔር ስም ማልኩ። ሁዳዴ ገብቶ ነበር፤ ከሥጋና ከወተት ሌላ ከቃልም ጾምኩ። የሚያስቸግረውን ጾም የምታውቁት ምላሳችሁ እንደኔ ከሆነ ብቻ ነው! ቃሉ እፊቴ ተቀምጧል፣ እሳቸው ይፈልጉታል፣ እኔ ሻርፔን እነክሳለሁ። አንዳንዴ ተነስቼ ያልቆሸሸ እጄን እታጠባለሁ። በመጨረሻ እሳቸው በሰው በር ላይ ያደርጉት የነበረውን አደረግኩ፤ ቆጠርኩ። እስከ ሃያ። ብዙ ጊዜ አስራ ሰባት፣ አስራ ስምንት ላይ ቃሉ ይመጣል። እንግዲህ ያን ሁሉ ወር እኔ ነኝ ሦስት ላይ ስነጥቃቸው የኖርኩት።

ስምንቱም ዓረፍተ ነገሮች ቀስ በቀስ ገቡ። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለ፤ የሰውየው ስም። ሠላሳ ዓመት የጠሩት፣ የተከራከሩት፣ በየወሩ ስልክ ላይ የሚሉት ስም። ስም ከሁሉ ይከብዳል አለች ቴራፒስቷ። አንድ ቀን ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። ጋሼ ፎቶውን ይዘው "አንተ" ይሉታል። "አንተ... አንተ ሰውዬ..." ከዚያ ስድብ። መታሰቢያው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው አልመጣም። ዋዜማውም አልመጣም። በጸሎቴ ውስጥ የፈረንጅ ፖለቲከኛ ስም ሳስገባ የመጀመሪያዬ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ገላቸውን አጠብኳቸው፣ ላጨኋቸው፣ ልጃቸው ክራባታቸውን አሰረች። ላፕቶፑ ላይ ፊት በፊት ሆነ፤ ሽማግሌዎች፣ ሹማምንት፣ አንዲት ባለ ነጭ ፀጉር ወይዘሮ፤ የፕሪሚየሩ ሚስት። ስድስት ሰው ተናገረ፤ ጥሩ ጥሩ ንግግር፣ ውሃ የመሰለ። ከዚያ የጋሼ ተራ ሆነ። እኔ ካሜራው በማያየኝ በኩል ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"ደህና... ዋላችሁ" አሉ። ወጣ። "ከኦሃዮ... ነው።" ወጣ። "ድምፄ... ዘገምተኛ ነው። ታገሡኝ።" ወጣ! ልጃቸው እጄን ጨመቀችው። "ዛሬ የመጣሁት..." አሉ ጋሼ፣ "ለ... ለ..." እዚህ ጋ ነው ስሙ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አፋቸው ይንቀሳቀሳል። አስር። አስራ አምስት። የክራባታቸው ጫፍ ከትንፋሻቸው ጋር ይነሳል፣ ይወድቃል። ሃያ። መድረክ መሪው ወጣት "ጊዜዎትን ይውሰዱ ክቡርነትዎ፣ እኔ ልቀ..." ብሎ ሲጀምር ነጭ ፀጉሯ ወይዘሮ እጇን አነሳችበት፤ ዝም አለ። ሃያ አምስት። ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። ጋሼ በጎን አዩኝ። እመቤቴን፣ ሞት ነው የመሰለኝ። አንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚበቃው። ሻርፔን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። ሠላሳ።

ጋሼ ተሳደቡ። በመላው ክፍለ ሀገር ፊት፣ ያቺን የመጀመሪያ ቀን ስድብ፣ ድብን አድርገው። ሚዩት ያላደረገ አንድ ሽማግሌ ሲያጓራ ሳቁ ተሰማ፤ ከዚያ ፊቶቹ ሁሉ ሳቁ፤ ወይዘሮዋ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ጋሼ ወረቀቱን ገፉት።

"ያሸነፈኝ... ሰውዬ" አሉ።

ሦስት ጣት አወጡ። "ሦስቴ።" ትንፋሽ ወሰዱ። "ደወልኩለት... ሦስቴ። ሁልጊዜ... አመሰገነኝ።" እንደገና ቃሉን ፈለጉ። "ሚስቴን... ቀበረልኝ። እኔ... አልደረስኩም። አሁን... ደረስኩ።" ወረቀቱን ከገፉ ወዲያ ያሉት ከተጻፉት ስምንት ዓረፍተ ነገሮች አንዱም አልነበረም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለወይዘሮዋ አንገታቸውን ደፉ። እሷም ደፋች።

ላፕቶፑ ሲዘጋ ልጃቸው አቅፋቸው አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ልትታጠብ ወጣች። ጋሼ ክራባታቸውን በግራ እጃቸው እያላሉ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ገና ወለሉ ላይ ነኝ፣ ሻርፔ ረጥቧል።

"አሁን" አሉኝ። "ስሙን... ንገሪኝ።"

ነገርኳቸው። ከእኔ ቀጥለው፣ ሳይደናቀፉ፣ ሙሉውን አሉት። ጆሯቸውን ማመን አቃታቸውና ደግመው አሉት። በሦስተኛው ድምፃቸው ተሰበረ፤ ስሙን እየጠሩ አለቀሱ፣ እኔም ተነስቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩና አብሬያቸው አለቀስኩ።